አያ እንድሪስና የተገለበጠው ዲስክ

አያ እንድሪስ መሞቱን የነገረኝ አንድ የሚኒባስ ሾፌር ነው። ደሴ መናኸሪያ ፊት ለፊት ሻይ ይዤ ተቀምጬ አገኘኝና፣ «አባባ፣ ያ የቆቦው መካኒክ አረፈ አሉ፤ ዲስክ ገልባጩ» አለኝ። ልጁ ያን ዲስክ የሚያስታውስበት ዕድሜ የለውም። ስሙ ግን ከሾፌር ወደ ሾፌር እየተላለፈ እሱም ዘንድ ደርሷል። ማዘን ሲገባኝ መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነበር። ሻዬን ትቼ ተነሣሁና በነጋታው ወደ ቆቦ ወረድኩ።

የእንድሪስ ጋራዥ ከአውራ ጎዳናው ዳር፣ አንድ ትልቅ የቁርቁራ ዛፍ ሥር ነበር። ጋራዥ ማለቴ ለወጉ ነው እንጂ አራት ቋሚ ላይ የተጣለ ቆርቆሮና ዙሪያውን የፈሰሰ የተቃጠለ ዘይት ነው። ሰውየው ረጅም፣ ከሲታ፣ ጉረኛ ነበር። ቀኝ እግሩ ላይ በረባሶ ያጠልቃል፤ ግራ እግሩ ግን ሁልጊዜ ባዶ ነው። መጀመሪያ ያየሁት ቀን ምነው ብዬ ብጠይቀው፣ «ፍሪሲዮን የሚረገጠው በግራ አይደለም እንዴ? በጫማ አይሰማም። ጫማ ደንቆሮ ነው» አለኝ። እውነትም መኪና ሲፈትሽ ከሁሉ በፊት ጋቢና ውስጥ ገብቶ ያን እንደ ግመል ኮቴ የጠነከረ እግሩን ፔዳሉ ላይ ያሳርፍና ዓይኑን ይጨፍናል። ሾፌሮች ይስቁበታል፤ እሱ አይሰማቸውም።

ለማያውቅ ሰው ፍሪሲዮን ምን እንደሆነ ሲያስረዳ ደስ ይለው ነበር። «ሞተርና ካምቢዮ ባልና ሚስት ናቸው» ይላል። «ፍሪሲዮን በመሀል ያለው ሽማግሌ ነው። ማርሽ ስትቀይር ለየት ያደርጋቸዋል፤ ስትለቀው ቀስ አድርጎ ያገናኛቸዋል። ሽማግሌው የሰነፈ እንደሆን ትዳሩ ይፈርሳል።» ከዚያ ጉራው ይከተላል፦ «ኸአሥመራ እስኸ አዲስ አበባ ጠይቅ። እኔ የዘጋሁትን ፍሪሲዮን ሁለተኛ የኸፈተ መካኒክ የለም። እኔ ራሴም ኸፍቼ አላውቅ።» ይህን ያላለበት ቀን አላስታውስም። ያለው ሀብት ስሙ ብቻ ነበር።

የምናገረው የስልሳ ስድስቱን ክፉ ቀን ነው። የራያ ሜዳ ላይ ማሽላው በቁሙ ደርቆ፣ ከብቱ አልቆ፣ ሰው ሁሉ ወደ መንገድ ወርዶ ነበር። መንገድ ዳር የተቀመጠው እህል የሚመጣው በመንገድ ነው ብሎ ነው። ያ አገር በጋውን ጥላ የለውም። ስለዚህ መኪና የትም ይቁም፣ ሞተሩ ሳይበርድ ከሥሩ ሰው ይሞላል። ጥግ ጥጉን ይዘው ጎማውን ተደግፈው ይተኛሉ። ከመካከላቸው የማይነሣም ይኖራል። እኔ በዚያ ዓመት ሞተር ከማስነሣቴ በፊት ወርጄ ከሥር ማየት ለመድኩ፤ እስከ ዛሬም አልተወኝም።

ወደ ዋጃ የእርዳታ ስንዴ በጭነት መኪናዬ ጭኜ ስሄድ ሮቢትን አልፌ ፍሪሲዮኑ ተቃጠለ። እየተንፏቀቅሁ ቆቦ ደረስኩና እንድሪስ ቁርቁራ ሥር አቆምኩ። ዋጃ ላይ ከእኛ በፊት ሊደርስ የሚገባው መኪና አልደረሰም ነበር። ከዚያ የሚመጣ መንገደኛ ሁሉ የሚያወራው ስለ ቀብር ነው። አዲሱ የፍሪሲዮን ዲስክ ከደሴ በአውቶቡስ ተላከልን። እንድሪስ ካምቢዮውን፣ የማርሹን ሳጥን ማለቴ ነው፣ አውርዶ መሬት ላይ አጋደመ፤ አሮጌውን ዲስክ አወለቀ፤ በነጋታው ጧት አዲሱን ገጥሞ፣ ካምቢዮውን ወደ ቦታው መልሶ ብሎኑን ሁሉ አጠበቀ። እጁን በጋዝ እየታጠበ፣ «በል ሂድ፣ ዋጃ ይጠብቅሃል» አለኝ።

ሞተሩን አስነሥቼ ፔዳሉን ረገጥኩ። እስከ ግማሽ ወረደና ቆመ። ማርሽ ላስገባ ስሞክር ካምቢዮው ጮኸ። እንደገና ረገጥኩ፤ እንደገና ጮኸ። ፍሪሲዮኑ ሞተሩን ከጎማው አልለይ ብሏል ማለት ነው።

እንድሪስ ከሥር ገብቶ የፔዳሉን ዘንግ አስረዘመ። አልሆነም። አሳጠረው። ባሰበት። የፔዳሉን ሞላ ፈትቶ አየ፤ ደህና ነው። ባሻ ወልዴ የሚባል የጭነቱ አጃቢ ነበር፤ ጡረታ የወጣ ወታደር፣ ዱላ ከእጁ የማይለይ። ዋጃ ላይ እህሉ ቢጎድል የሚጠየቀው እሱ ስለሆነ ከጆንያ የተንጠባጠበ ፍሬ ለሚለቅም ሰው እንኳ ምሕረት አልነበረውም።

«በማርሽ አስነሣና ሂድ!» አለኝ። «ስንት ጊዜ ሾፌር ያለ ፍሪሲዮን ሲነዳ አይቻለሁ!»

እውነቱን ነው፤ ይቻላል። ማርሽ አስገብተህ ሞተሩን ስታስነሣው መኪናው ዘሎ ይሄዳል። እንድሪስ ግን መኪናው ፊት ቆመ።

«የት ነው የሚዘል?» አለ። «ኸሥር ያለውን ሰው አላየህም? ደግሞስ እስኸ ዋጃ መንገዱ ሁሉ ሰው ነው። መሀል መንገድ ላይ የተኛ ሲያጋጥመው ቆሞ እንዴት ይነሣ?»

«ዋጃ የሚያልቀውስ ሰው አይደለም?»

እንድሪስ አጎንብሶ ግራ እግሩን ጠረገና ጋቢና ገባ። እኔ ወረድኩለት። ሞተሩ እየሠራ ፔዳሉን ቀስ አድርጎ ረገጠ፣ ለቀቀ፣ ረገጠ፣ ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ ወደኔ ጎንበስ ብሎ በዝግታ፣ «ብረት አይደለም የያዘው» አለኝ። «ብረት ቢሆን ይመልስልኝ ነበር። ይኸ ለስላሳ ነገር ነው። ሰው የረገጥኩ ነው የመሰለኝ።»

ባሻ ወልዴ ሰምቷል። «ሰው ነክቶታል ማለት ነው!» ብሎ ዱላውን መሬት ላይ መታ። «አንድ ነገር ከተውበታል። ማን እንደሆነ ካወቅሁ አስሬ ለፖሊስ ጣቢያ ነው የምሰጠው!» የተኙት ሰዎች ቀና ቀና አሉ። ሚስቱን ዋጃ ትቶ እህል ፍለጋ የመጣ አንድ ሰው ከመካከላቸው ተነሥቶ፣ «ጣቢያ አያደርሰውም። እኛው እንበቃለን» አለ። ቆሞ የሚሄድ አጥንት ነበር፤ የተናገረውን ግን ከልቡ ነው።

ያን ጊዜ ነው ሴትዮዋን ልብ ያልኳት። ስሟን አውቀዋለሁ፤ እዚህ ግን አልጽፈውም። ከፊተኛው ጎማ አጠገብ ከደረስንበት ቀን ጀምሮ አለች። ፀሐይ ሲመታት እንኳ ቦታዋን አትለቅም። ሌላው ሰው ሁሉ ዓይኑ ጆንያው ላይ ነው። የእሷ ዓይን ካምቢዮው ላይ ነበር።

ባሻ ወልዴ ስለ መዘግየታችን ለማስታወቅ ወደ ጣቢያ ሄደ። እንድሪስ ሞተሩን እንደገና አስነሥቶ ሲሞክር፣ ሲረግጥ፣ ሲለቅ ቆየ። ፍሪሲዮን በዚህ ዓይነት ሲፈተግ ምን እንደሚሸት ሾፌር የሆነ ሁሉ ያውቃል፤ አፍንጫ ይቆርጣል። እኔም እሱን ስጠብቅ ሌላ ነገር ሸተተኝ። ቆሎ ሸተተኝ።

መጀመሪያ ረሃቡ ለእኔም መጣብኝ መሰለኝ። ግን ቁርቁራው ሥር የተኙት ሁሉ አንድ በአንድ ራሳቸውን አነሡ። አንድ ሽማግሌ ባዶ አፋቸውን ማኘክ ጀመሩ። ከየት እንደሚመጣ ማንም አላወቀም፤ ወደ ከተማው ነበር የሚያዩት። ያቺ ሴት ብቻ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች።

እንድሪስ ሞተሩን አጠፋ። ከጋቢናው ሆኖ እኔን አየኝ፤ ከዚያ እሷን አየ። «እናውርደው» አለ።

ካምቢዮውን ማለቱ ነው። የዘጋውን ሊከፍት ነው። ሥር ያሉትን አንድ በአንድ ክንዱ ላይ እያቀፈ ወደ ዛፉ ጥላ አሻገራቸው፤ ክብደት ስላልነበራቸው አልደከመውም። ካምቢዮውን ስናወርድ እኔና እሱ ብቻ ነበርን ከሥር። ፔዳሉ ከሚገፋው ሹካ ጀርባ፣ ብረቱና ብረቱ መሀል፣ አንድ ቋጠሮ ተጠቅጥቆ ነበር፤ ከነጠላ ጥግ በተቀደደ ጨርቅ የታሰረ፣ አንድ ጎኑ የከሰለ። በጨርቁ ቀዳዳ ፍሬው ይታያል። ስንዴ አይደለም። የአገሩ ማሽላ ነው። ዲስኩንም አየሁት፤ በትክክል ተቀምጧል፤ ፊቱ ወደሚገባው ዞሯል።

እንድሪስ ቋጠሮውን ብብቱ ውስጥ ከተተው። ወዲያው የባሻ ወልዴ ጫማ ከጎማው ወዲያ መጣ።

«ምን አገኛችሁ?»

እንድሪስ እየዳኸ ወጣ። አቧራውን እንኳ አላራገፈም። «ምንም» አለ። «ዲስኩን ገልብጬ አስገብቼው ነው።»

«ማን?»

«እኔ ነኛ። ፊቱን ወደ ኋላ አድርጌ ገጠምኩት። ስቸኩል ነው።»

እኔ አፌን ከፈትኩ። እንድሪስ በዚያ ባዶ እግሩ እግሬን ረገጠው፤ ልክ ፔዳል እንደሚረግጥ፣ እስከ መጨረሻው።

«ለዚህ ነው ዋጃ ሰው የሚያልቀው?» ብሎ ባሻ ወልዴ በእንድሪስ እግር ሥር ተፋ። ሚስቱ ዋጃ ያለችው ያ ሰው ደግሞ ድንጋይ አነሣ። ወረወረም፤ ጉልበት ስለሌለው መሀል ላይ ወደቀ። እንድሪስ ድንጋዩን አየ፣ ሰውየውን አየ፣ ተመልሶ መኪናው ሥር ገባ። ጉራውን ሁሉ የማውቅ ሰው ስለሆንኩ በጣም አዘንኩለት።

ሥራውን ጨርሰን ፔዳሉ እንደ ቅቤ ሲወርድ፣ ባሻ ወልዴ ሸራውን ሲያስር፣ እንድሪስ ሴትዮዋን ደግፎ ከጋራዡ ጀርባ ወሰዳት። እኔም ተከተልኩ። ቋጠሮውን አውጥቶ ጭኗ ላይ አኖረላት።

«ያንቺ ነው?»

«የኔ ነው» አለች። «ሌሊት አጠገቤ የሚተኙት ብብቴን ይፈትሹኛል። የተኛሁ እየመሰላቸው ይዳስሱኛል። ራሴንም አላመንኩት፤ እጄ እየሄደ ቋጠሮውን ይፈታል። ያ ብረት አፉን ኸፍቶ ተጋድሞ አየሁት። ጉድጓድ መሰለኝ። እኛ አገር ማሽላ በጉድጓድ ነው የምናኖር። ጧት አወጣዋለሁ ብዬ ነበር። ስነቃ ኸድናችሁታል።»

«ምነው ታዲያ አልተናገርሽም?»

«ለማን ልናገር? ያ ዱላ የያዘው ቆሞ? ሰዉስ ቢሰማ?»

ስሟንም የአባቷንም ስም ነገረችን፤ ከዞብል ተራራ ግርጌ ነው የመጣችው። ባሏንና ልጆቿን በየመንገዱ ቀብራለች። ያን ዘር ግን አልነካችም፤ ዘር አይበላማ። ዝናብ ሲጥል ምን ይዤ እመለሳለሁ ብላ ነው። ቋጠሮውን ፈታችና አሸተተችው። ከዚያ ፊቷ ተለወጠ።

«ተቆላብኝ» አለች። «ዘሬ ተቆላብኝ።»

«አብሽሪ» አላት እንድሪስ። አጠገቧ ተቀመጠ። «ስሚኝ እቴ። የተቆላው ኸእንግዲህ ዘር አይደለም። መሬት ቢገባ አይበቅልም። ቆሎ ነው። ብይው።»

ነጠላዋን ዘርግታ ጥሬውን ካረረው፣ አንዷን ፍሬ ከሌላዋ መለየት ጀመረች። ያረረው በዛ። ከመብላቷ በፊት ግን እጇን ወደኛ ዘረጋች፤ «ቅመሱ እንጂ» አለች። እህል የያዘ ሰው ብቻውን አይበላም። እንቢ ማለት ነውር ስለሆነ እያንዳንዳችን አንድ አንድ ፍሬ ወሰድን። በሕይወቴ ያን ያህል ለመዋጥ የከበደኝ እህል የለም።

ጥሬው አንድ እፍኝ አይሞላም ነበር። መልሳ በዚያው ጨርቅ ቋጠረችውና ለእንድሪስ ሰጠችው። «ይኸን አንተ ያዝልኝ። ኸኔ ጋር ኸሆነ እበላዋለሁ። ዝናብ ሲጥል መጥቼ እወስዳለሁ። አደራ።»

«አደራ» አለ እንድሪስ።

ዋጃ ስንደርስ ሰዉ መጀመሪያ የጠየቀው ለምን ዘገያችሁ ብሎ ነው። ባሻ ወልዴ በደንብ አድርጎ ነገራቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእንድሪስ ስም «ዲስክ ገልባጩ» ሆነ። ሾፌሩ ሁሉ አለማጣ ወይ ወልድያ እየሄደ ማሠራት ጀመረ። ሴትዮዋ ደግሞ ስንዴውን ተከትላ በእግሯ ወደ ዋጃ መጥታለች። በሌላ ጭነት ስመለስ ከተሰለፉት አስከሬኖች መካከል አየኋት። ያወቅኋት በነጠላዋ ነው፤ አንዱ ጥግ ተቀዶ የጎደለ ነበር።

ለእንድሪስ ስነግረው ሥራ ፈትቶ ቁርቁራው ሥር ተቀምጦ ነበር። «ኢናሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አለ። ከዚያ፣ «ዘመድ አለኝ ብላሃለች?» አለኝ። አላለችም። «እንግዲህ እፈልጋለሁ» አለ። «አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ። ሰጪዋ ሞተች እንጂ አደራው መች ሞተ?»

እኔ ተቆጣሁ። ሞታለች፣ አሁን እውነቱን ተናገርና ስምህን መልስ አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። «ስሟን ምን ብለው እንደሚያነሡት አታውቅም? መኪና ያቆመች፣ ዋጃን ያስጨረሰች ይሏታል። መልስ የምትሰጥበት አፍ የላትም። እኔ አፍ አለኝ። እኔን ይበሉኝ። አንተም ዝም በል፤ ይኸም አደራ ነው።»

በዚያ ዓመት ሥራ ስላልነበረው የእሱም ቤት ተራበ። ሚስቱ አንድ ቀን ቆርቆሮው ሥር የተንጠለጠለውን ቋጠሮ እያሳየች፣ «ሰው ልጁን አስርቦ እህል ይሰቅላል?» ብላ ስታለቅስ ደርሻለሁ። እንድሪስ ቋጠሮውን አላወረደም። ዝናቡ ሲመጣ ግን ዘሩ እንዳይሞት ብሎ ከጋራዡ ጀርባ ዘራው። ሲደርስ አጨደ፣ ከምርቱ ያንኑ ያህል ለይቶ በዚያው ጨርቅ ቋጠረ፤ የተረፈውን በር ላይ ለቆመ ለማኝ ሰጠ። በየዓመቱ እንዲሁ አደረገ። ልጆቹ አገዳውን እንኳ እንዲመጥጡት አልፈቀደም። በቆቦ ገበያ ቀን ማሽላ ተራ እየዞረ ከዞብል ግርጌ የመጣ ሰው ሲያገኝ የሴትዮዋን አባት ስም ይጠይቃል። የሚያውቅ አልተገኘም። ሰፈሩ ጭራሹን ባዶ ሆኖ ነበር።

ለልቅሶው ስደርስ ድንኳኑ ሞልቷል። ወንዶቹ እንደ ወጉ ሟቹን እያነሡ ይጨዋወታሉ። አንድ አሮጌ ሾፌር፣ «አላህ ይማረው፤ እጁ ወርቅ ነበር። ያቺን ዲስክ ባይገለብጣት!» አለ። ሰዉ ሳቀ፤ ሳቁ ከልቅሶ ቤት ሳቅ የማይበልጥ ነው፤ ክፋት የለበትም። የእንድሪስ ልጅ አሊ፣ እሱም ፀጉሩ የሸበተ መካኒክ ነው፣ አንገቱን ደፋ። ይህን ስም ሲሰማ ነው ያደገው። ተነሥቶ መጣና እጄን ይዞ ወደ ጋራዡ ወሰደኝ።

ቋጠሮው እዚያው ተንጠልጥሏል። ጨርቁ አርጅቶ በሌላ ጨርቅ ተደርቧል።

«ሊሞት ሲል ‹የቋጠሮውን ነገር ሾፌሩ ያውቃል፤ እሱ ላንተ ይንገርህ› ብሎኛል» አለ አሊ። «በያመቱ እንዘራለን። ለማን እንደምንጠብቅ አናውቅም።»

ነገርኩት። ሁሉንም፣ ስሟንም፣ አባቱ ጥፋቱን ለምን በራሱ ላይ እንደወሰደም ጭምር። አሊ ግድግዳውን ተደግፎ አዳመጠኝ። ስጨርስ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ዲስኩስ?»

«ልክ ነበር» አልኩት። «በዓይኔ አይቻለሁ። አባትህ አልገለበጠውም።»

አሊ እንደ ልጅ አለቀሰ። ከዚያ ፊቱን በክንዱ ጠርጎ ፈጠን እያለ ወደ ድንኳኑ ተመለሰ፤ እኔም ሊናገር ነው ብዬ ልቤ እየመታ ተከተልኩት። አሮጌው ሾፌር አሁንም ለአንድ ወጣት የዚያን ቀን ወሬ እያወራለት ነበር። አሊ አጠገቡ ሄዶ ተቀመጠ።

«እውነት ነው እንዴ አሊ?» አለው ወጣቱ። «አባትህ እውነት ገልብጦት ነው?»

አሊ እኔን አየኝ።

«አዎ» አለ። «ገልብጦት ነበር።»